ጋላክሲ በትንሽ ስማርት ቴሌስኮፕ፦ ከ8 ወር በኋላ

እህቴ መስከረም ላይ ከዱባይ ስትመጣ ያመጣችልኝ ስማርት ቴሌስኮፕ 8 ወር ሞላት። የሌንሷ ስፋት 50 ሚሊሜትር ነው። ካሜራዋ እዚያው ውስጧ ነው፣ በስልክ ትታዘዛለች፣ ሰማዩን ራሷ አንብባ ያዘዝኳትን ትከተላለች። የምጠቀማት አዲስ አበባ፣ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው።

ኅዳር ላይ አንድሮሜዳ ጋላክሲን አነሳሁ። በየ10 ሰከንዱ አንድ ፎቶ እያነሳች ትደራርባለች። መጀመሪያ የሚታየው ግራጫ ጭጋግ ነው፤ ሰዓት ሲሞላት ግን ጥቁሩ የአቧራ መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ። 2.5 ሚሊዮን ዓመት የተጓዘ ብርሃን! እናቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሳየኋት። ችግሩ ጋላክሲዋ ፍሬሙ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አትገባም፤ ሰማይ ላይ ከጨረቃ ስድስት እጥፍ ያህል ትረዝማለች።

ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ይህች ቴሌስኮፕ የምትንቀሳቀሰው ወደ ጎንና ወደ ላይ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፣ ሊዮና ቪርጎ በሚባሉት የኮከብ ስብስቦች ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ደማቅ ጋላክሲዎች ደግሞ ከምድር ወገብ ትይዩ ካለው የሰማይ መስመር 12 እና 13 ዲግሪ አካባቢ ወደ ሰሜን ስለሆኑ፣ መጋቢት ላይ እኩለ ሌሊት አካባቢ ልክ ከአናታችን በላይ ያልፋሉ። አውሮፓ ያለ ሰው እንዲህ ከፍ ብለው አያገኛቸውም። ግን አናት ላይ ሲደርሱ እሷ በጣም በፍጥነት መዞር አለባት፣ ምስሉም አብሮ ይሽከረከራል፣ ከዋክብቱ ጭረት ይሆናሉ። ሁለት ሌሊት እንዲህ ባከነብኝ። አሁን በምሥራቅ በኩል ከፍ ሲሉ እጀምርና አናት ላይ ሊደርሱ አንድ ሰዓት ሲቀር አቆማለሁ፣ ወደ ምዕራብ ሲያዘነብሉ እቀጥላለሁ። ሦስቱን የሊዮ ጋላክሲዎች በአንድ ፍሬም ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው።

የከተማ መብራት ይቀንሳል ተብሎ አብሯት የመጣውን ፊልተር ለጋላክሲ አታብሩት። የሚያሳልፈው ኔቡላ የሚባሉት የህዋ ጋዝ ደመናዎች የሚያወጧቸውን ጥቂት ቀለማት ነው፤ የጋላክሲ ብርሃን ግን የከዋክብት ድምር ስለሆነ በሁሉም ቀለም ይመጣል፣ አብዛኛውም እዚያው ይቀራል። በጣም የምወደው ፎቶዬ ሶምብሬሮ የሚባለው ጋላክሲ ነው። ሚያዝያ ላይ የሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ባመሸበት ሌሊት፣ ያለ ፊልተር ነው ያነሳሁት።

እግሯ አጭርና ቀላል ነው፣ ትንሽ ንፋስ ይነቀንቃታል። አፑም አንዳንዴ ከስልኩ ጋር ይቋረጣል። ፋይሎቹን ሲሪል በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር እንደገና ብትሠሯቸው ቴሌስኮፗ ራሷ ከምታወጣው በጣም ይሻላሉ።

ትንንሽ ጋላክሲዎችን አጉልቶ ማየት ለሚፈልግ አልመክራትም፣ ነጥብ ነው የሚሆኑባት። ለእኔ ግን በቅታኛለች። ክረምቱ ያልፍና ጥቅምት ላይ በደቡብ በኩል ስካልፕተር ጋላክሲን እሞክራለሁ።