ከሽንፈት በኋላ፦ ኤንጂን ወይስ ደብተር?

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቼዝ ተጫውቶ የተሸነፈ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ጨዋታውን ወዲያው ስልኩ ላይ አስገብቶ ስቶክፊሽ የተባለውን ኤንጂን (ምርጡን እርምጃ የሚያሰላ የቼዝ ፕሮግራም) መጠየቅ፣ ወይም መጀመሪያ ደብተርና ሰሌዳ ይዞ ራሱ መመርመር።

ኤንጂኑ ፈጣን ነው፤ ሊቼስ በተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል፤ በስሌት የዓለም ሻምፒዮን እንኳ አይደርስበትም። ለምን እንደተሳሳትክ ግን አይነግርህም። አንድ የታወቀ ወጥመድ ልጥቀስ። ጥቁር በሦስተኛው እርምጃ ፈረሱን መሃል ላይ ያስገባና ወታደሩን ያለ ጠባቂ ይተዋል። ነጭ ወታደሩን በፈረስ ይበላል፤ የጥቁር ንግሥት ትወጣለች፤ ነጭ በዚያው ፈረስ ሌላ ወታደር ይደግማል። በሰባተኛው እርምጃ የነጭ ንጉሥ በራሱ ሠራዊት ታፍኖ በፈረስ ማት ይሆናል። ስቶክፊሽ ነጭን «ወታደሩን ትተህ ፈረሱን በፈረስ ብላ» ይለዋል፤ ልክ ነው። ደብተሩ ግን «ነጻ ወታደር ሳይ የተጋጣሚዬን ዕቅድ መጠየቅ ተውኩ» ያስብልሃል። ይህ ስስት ነው፤ በሌላ አከፋፈትም ተመልሶ ይመጣል።

ደብተር ጊዜ ይወስዳል፣ ታክቲክም (በጥቂት እርምጃ የሚፈጸም ጥቃት) ያመልጠዋል። ቢሆንም እኔ ደብተሩን አስቀድማለሁ። በ1948 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቦትቪኒክም የራስን ጨዋታ አጥብቆ መመርመርን ያስተምር ነበር። ከተቻለ ተጋጣሚህን ሳይነሳ «እዚህ ጋ ምን አስበህ ነበር?» በለው፤ ያ መልስ ከየትም አይገኝም። ኤንጂኑ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ፣ የጻፍከውን ለማረም ነው። የአምስት ደቂቃ ጨዋታ ከሆነ ግን ደብተር አያስፈልግም፤ ትልቁን ስህተት ኤንጂኑ ላይ አይተህ ቀጥል።