ወደ ደብረ ሊባኖስ በሳይክል? ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን «የሳይክል ጉዞ ወደ ደብረ ሊባኖስ» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም እየተዘዋወረ ነው። እኔና ታናሽ እህቴ ከሦስት ሳምንት በፊት በዚሁ ጉዞ ሄደናል። የአዘጋጁን ስም አልጠቅስም፤ ስሙን ነገ ሊቀይረው ይችላል። አሠራሩን ብታውቁት ይሻላል።

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል። ከእንጦጦ ማርያም ተነስቶ በሱሉልታና በጫንጮ በኩል ደብረ ሊባኖስ መድረስ። ለጀማሪ የሚሆን ቀላል መንገድ። አጃቢ መኪና፣ መካኒክ፣ ምሳና የመግቢያ ክፍያ ሁሉም በዋጋው ውስጥ። ለአንድ ሰው 3,500 ብር፣ ለሳይክሉ መያዣ ደግሞ 1,500 ብር። ለሁለታችን 10,000 ብር በቴሌብር ላክሁ። የተላከው ወደ ግለሰብ ስልክ ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ «ስክሪንሾቱ ይበቃል» አሉኝ። ያኔውኑ መተው ነበረብኝ።

«ቀላል መንገድ» የሚለው ራሱ ውሸት ነው። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወደ ሱሉልታ ስትወርዱ ደስ ይላል፤ ሜዳው ላይም ይሄዳል። ነገር ግን ከጫንጮ በኋላ ዳገትና ቁልቁለቱ ይፈራረቃል፣ አየሩም ስስ ነው። በየሳምንቱ ሳይክል የምነዳ ሰው ነኝ፤ እኔም ደክሞኛል። ከአሥራ አንዳችን ሰባቱ ሙከ ጡሪ ሳይደርሱ አቆሙ።

ሳይክሎቹን ያየናቸው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ እዚያው እንጦጦ ነው። የእኔ ማርሽ አይቀይርም ነበር። የእህቴ የኋላ ፍሬን እስከ መጨረሻው ቢጨመቅም አይዝም። ሄልሜት ለአሥራ አንድ ሰው ስድስት ብቻ ነው የመጣው። ስለ ፍሬኑ ስነግረው አስተባባሪው ወደ እህቴ ዞሮ «ችግር የለውም እህቴ፣ በፊተኛው ትይዣለሽ» አላት። ሳይክል የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ቁልቁለት ላይ ደንግጦ የፊቱን ብቻ ጥብቅ አድርጎ የያዘ ሰው በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል።

አጃቢ መኪና የተባለው አንድ ሚኒባስ ነው። አጃቢ ማለት ከኋላ እየተከተለ ከባድ መኪና ሲመጣ የሚከልል ነው። ይሄኛው ቀድሞን ሄዶ ጫንጮ ላይ ቁርስ እየበላ ጠበቀን። የጎጃም መንገድ ደግሞ የምታውቁት ነው፤ በዚያ በኩል የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ስላሉ ሲኖትራክ አያባራም። አንዱ ክላክስ እያደረገ በክንድ ርቀት ሲያልፈን ሁላችንም ወደ አፈሩ ወጣን። ከመካከላችን የአንዷ ጎማ ሲፈነዳም መካኒክ አልነበረም። ጫንጮ ያለ ጎሚስታ ነው የሠራላት፣ ሂሳቡንም የከፈለችው እሷው ናት።

መንገዱን ግን አልወቅስም። እንጦጦ ማርያም ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ናት። ጥቅምት ላይ የሱሉልታ ሜዳ ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይም አልረገፈም። ወደ ገዳሙ ስትታጠፉ ገደሉ በአንድ ጊዜ ይከፈታል፣ ጭላዳዎቹ አፋፉ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚባለውን ብዙ ሰው በስሙ ብቻ የፖርቹጋሎች ሥራ ያደርገዋል፤ ያሠሩት ግን ራስ ዳርጌ ናቸው ይባላል። ገዳሙን የመሠረቱት በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ የግራዚያኒ ጦር የዚህን ገዳም መነኮሳትና ምእመናን ጨፍጭፏል። እህቴ የሄደችው ይህን ቦታ ለመሳለም ብላ ነው። እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው፤ ሰው ለእንዲህ ያለ ቦታ ያለውን ፍቅር ገንዘብ መሰብሰቢያ አደረጉት።

ከዋናው መንገድ ወደ ገዳሙ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ እህቴ ወደቀች። የኋላው ፍሬን አልያዘም፣ ደንግጣ የፊቱን ጨመቀችው። ጉልበቷና የእጅ አንጓዋ ተላጠ፣ አገጯ ተሰነጠቀ። ሄልሜት ባታደርግ ኖሮ ማሰብ አልፈልግም። አንዲት እናት ከቤታቸው ውሃ ይዘው ወጥተው፣ በኦሮምኛ እያጽናኗት ቁስሏን አጠቡላት። አስተባባሪው የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን የለውም። ሚኒባሱ ድልድዩ ጋ ነበር፣ ስልክ አያነሳም። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ስብራት የለም ተባልን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ምሳ አልበላንም። የመግቢያውንም ከኪሳችን ከፈልን። ሰኞ መያዣውን ስጠይቅ «ሳይክሉ ተጎድቷል» ብለው የሁለታችንንም 3,000 ብር አስቀሩ። የእኔ ሳይክል ጭረት እንኳ አልነበረበትም። የእህቴን ደግሞ የጎዳው የራሳቸው ፍሬን ነው። ይህን ስጽፍላቸው ብሎክ አደረጉኝ።

መሄድ የምትፈልጉ ሰዎች ሳይክሉን ከዋዜማው ሂዱና እዩት። ሁለቱንም ፍሬን ተራ በተራ ጨምቁና ገፋ ገፋ አድርጉት፤ የተያዘው ጎማው ከዞረ አትቀበሉ። ስትረከቡት በቪዲዮ ቅረጹት፣ እኔ ይህን ባለማድረጌ ነው መከራከሪያ ያጣሁት። የመኪናውን ታርጋና የሾፌሩን ስልክ ቀድማችሁ ያዙ። የንግድ ፈቃድ ጠይቁ፣ ገንዘቡም በድርጅቱ ስም ወዳለ አካውንት ይግባ። ደረሰኝ ማግኘትና ስለምትገዙት አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ ማግኘት መብታችሁ ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይላል። የመንገዱን ሰላምም በዚያው ሳምንት እዚያ ካለ ሰው ጠይቁ። እኛን «ምንም የለም» ያሉን ለማንም ሳይደውሉ ነው።

እኔ የቴሌብር መልእክቱን፣ የቴሌግራም ንግግራችንንና የጤና ጣቢያውን ወረቀት ይዤ ላመለክት ነው። በዚህ ጉዞ ሄዳችሁ መያዣ የቀረባችሁ ካላችሁ መልእክቶቻችሁን አታጥፉ፣ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሂድ። ለመጪው እሑድ የከፈላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውላችሁ ገንዘባችሁን ጠይቁ። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ያነሳሉ፤ ከዚያ በኋላ አያነሱም።