ፕሪድኒሶሎንን ከነጠባዩ የሚያስረዳ የደብረ ማርቆስ መድኃኒት ቤት

ከብቸና የመጡት አጎቴ ባለፈው ግንቦት ለኩላሊት ሕመማቸው ፕሪድኒሶሎን (ኮርቲሶል የተባለውን የሰውነት ሆርሞን ሥራ የሚሠራ መድኃኒት) ሲታዘዝላቸው፣ መጀመሪያ የገዛንበት መድኃኒት ቤት ኪኒኑን ቆጥሮ ከመስጠት በቀር አንዳች አልነገረንም። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ አጡ፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጡ ጀመር፤ ሰኔ ሲገባም፣ እርሻው ገና ሳያልቅ፣ ከጥማድ በሬዎቻቸው አንዱን ሊሸጡ ተነሡ። እንደ እርሳቸው ያለ አስተዋይ ገበሬ በሰኔ በሬ ይሸጣል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ደብረ ማርቆስ ወደሚገኝ ሌላ መድኃኒት ቤት ወሰድኋቸው፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ቤት ነው። ባለሙያዋ ማዘዣውን አንብባ፣ «አባቴ፣ እንቅልፍ ይወስድዎታል? ከቤተሰብስ ጋር ይቆጣሉ?» ስትል ጠየቀቻቸው። ጠዋት ከምግብ ጋር እንዲወስዱት፣ ተሻለኝ ብለውም በድንገት እንዳያቋርጡት አስረዳቻቸው፤ መድኃኒቱ ለሳምንታት ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ የራሱን ኮርቲሶል ማመንጨት ስለሚቀንስ፣ ድንገተኛ ማቋረጥ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። ስለ ቁጣውና ስለ በሬው ስነግራት ሳትሸጥልን በፊት ወደ ሐኪማቸው መለሰችን፤ እርሱም መጠኑን ቀስ በቀስ ቀነሰላቸው።

«ኪኒን የሰውን ውሳኔ እንዴት ይለውጣል?» ብዬ ብጠይቃት በአይጦች ላይ የተደረጉ ምርምሮችን አነሣችልኝ። በአይጥ የኮርቲሶልን ሥራ የሚሠራው፣ በጭንቀት ጊዜም የሚጨምረው፣ ኮርቲኮስተሮን የተባለው ሆርሞን ነው፤ የአንጎል ተመራማሪው ብሩስ ማክዩንና ባልደረቦቹ በ1968 እ.ኤ.አ. ይህ ሆርሞን ለትውስታ በሚያገለግለው የአይጥ አንጎል ክፍል፣ በሂፖካምፐስ፣ ተይዞ እንደሚቆይ አሳይተዋል። የፖርቱጋል ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ደግሞ ለ21 ቀናት በጭንቀት የቆዩ አይጦች ከጠገቡ በኋላ እንኳ ምግብ የሚያወርድላቸውን ዘንግ መጫን አልተዉም፤ ውጤቱን መዝነው መምረጣቸው ቀርቶ ልማድ ይመራቸው ነበር። የወንድ ሆርሞን የሚባለው ቴስቶስተሮን በብዛት የተሰጣቸው አይጦችም ትልቁን ሽልማት፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት እየተከተለው እንኳ፣ ካልተሰጣቸው አብልጠው መርጠዋል። ጡንቻ ለማሳደግ የቴስቶስተሮን መርፌ ያለ ማዘዣ የሚጠይቁ ወጣቶችን የምትመልሰውም ይህንኑ እየነገረች ነው።

አይጥ ሰው አይደለችም፣ ጭንቀትም ፕሪድኒሶሎን አይደለም። ሆኖም ይህ ማብራሪያ አጎቴን «ጠባያቸው ከፋ» ብዬ ከመፍረድ አድኖኛል፤ እርሳቸውም በራሳቸው ማፈራቸውን ተዉ።

የቤቱ ጉድለት ምክሩ በመስኮቱ ላይ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ መሰጠቱ ነው፤ አጎቴ በባለቤታቸው ላይ መጮኻቸውን የተናገሩት ሰው እስኪቀል ጠብቀው ነው። ትንሽ የምክር ክፍል ቢኖር፣ ለገጠር ሰውም የሚነገረው ሁሉ በወረቀት ተጽፎ ቢሰጥ እመኛለሁ። በገበያ ቀን ጠዋት ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሥራ የማያጣድፈው ከሰዓት በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል።