ለማታው የእንግሊዝኛ መምህራችን ምስጋና፣ «ፑት» ላስቸገራችሁም ጥቆማ

መምህራችንን እግዜር ይስጥልን። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ እዚህ አንጠቅሰውም፤ አድራሻቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። «ፑት» (put፣ ማስቀመጥ) የምትባለውን የእንግሊዝኛ ግስ ከነ«ኦፍ»ና ከነ«ኦን»ዋ ሳያስሸመድዱ አስጨብጠውናል።

የሚነሱት ከአማርኛ ነው። «ዝም አለ»፣ «ብድግ አለ» ስንል «አለ» የሚለው ቃል መናገርን አያመለክትም፤ ሁለቱ ቃላት ተጣምረው ሌላ ትርጉም ይሰጣሉ። «ፑት ኦፍ»ም እንደዚያው ነው፤ «ማስቀመጥ»ን ይዞ የሚተረጉም ሰው ግራ ይገባዋል፣ ነገሩ ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነውና። ግስ ከተከተለው ደግሞ «ፑት ኦፍ ፔይንግ» እንጂ «ፑት ኦፍ ቱ ፔይ» አይባልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ፑት ኦን» ላይ ነው። ልብስ መልበሱ፣ ጫማና መነጽር ማድረጉ፣ ሰዓት ማሰሩ ሁሉ በእሷ ይገለጻል። የምታሳየው ግን ድርጊቱን ብቻ ነው። ጃኬቱን ለብሶ የተቀመጠ ሰው «አይም ፑቲንግ ኦን ኤ ጃኬት» ካለ፣ ሰሚው ገና እጁን ወደ እጅጌው እየከተተ ነው ብሎ ይረዳዋል። «ለብሻለሁ» ለማለት «አይም ዌሪንግ» ነው። ኪሎ መጨመርም «ፑት ኦን ዌይት» ነው፤ እሱን ማውለቁ ግን እንደ ጃኬት አይቀልም!

የቃላቱ ቦታም አለ። «ፑት ኦን ዩር ሹዝ»ም «ፑት ዩር ሹዝ ኦን»ም ያስኬዳል። «ሹዝ» (ጫማ) በተውላጠ ስሙ በ«ዘም» (እነሱን) ሲተካ ግን የግድ መሃል ይገባል፦ «ፑት ዘም ኦን»። «ፑት ኦን ዘም» ስህተት ነው። መታገስን የሚገልጸው «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ መሃሉ አይከፈትም፤ «ፑት አፕ ዊዝ ሂም» ተብሎ ተውላጠ ስሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ጆሮን የሚያሠለጥኑበት መንገድ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። «ፑት ኢት ኦፍ» በአሜሪካኖች አፍ ተያይዞ «ፑሪሮፍ» ይሆናል፣ ጎላ ብሎ የሚሰማውም መጨረሻው ነው። መጀመሪያ የሰማነውን እንዳለ በፊደል እንጽፋለን፣ ከዚያ ቃላቱን እንለያለን፣ በመጨረሻ ዓረፍተ ነገሩን ወደ ኃላፊ ጊዜ እንለውጣለን። «ፑት» በኃላፊም ቅርጿ ስለማይለወጥ «ሂ ፑት ኢት ኦፍ» የትናንት መሆኑ የሚታወቀው እንደ አሁን ጊዜው «ፑትስ» ባለመባሉ ነው።

በአንድ ክፍለ ጊዜ ከሦስት ጥምር ግስ በላይ አይሰጡም። ለፈተና የሚጣደፍ ሰው ይህ አካሄድ ሊያዘግመው ስለሚችል ሌላ መምህር ቢፈልግ ይሻላል። ሥራ ቦታ ስልክ ለሚያነሳ፣ ከደንበኛ ጋር ለሚነጋገር ግን ያለ ማመንታት እንጠቁማቸዋለን።