«ነፃ አፕዴት» ይዘው ሲመጡባችሁ ቆም በሉ

ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ያላችሁ፣ በተለይ ፔሮል የምትሠሩ፣ ይህቺን አንብቡ። የሠራተኛ መግቢያና መውጫ የሚመዘግበውን የጣት አሻራ ማሽን የሸጡላችሁ ሰዎች ደውለው «ሶፍትዌራችሁ አርጅቷል፣ አዲሱን በነፃ እንጫንላችሁ» ካሏችሁ፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት እኛ ቤት የሆነውን ስሙ። ጉዳያችን ገና ስላላለቀ ስማቸውን አልጠራም።

43 ሠራተኞች ነን። ማሽኑን በ22 ሺህ ብር ገዝተን ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠርቶልናል። መስከረም 8፣ ሐሙስ፣ አንድ ልጅ ላፕቶፕ ይዞ መጣ፤ አርባ ደቂቃ ያህል ነካካ፣ ቡናውን ጠጣ፣ አንድ ወረቀት አስፈርሞኝ ሄደ። ወረቀቱን አላነበብኩትም። ጥፋቱ የኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት 2፡20 ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ስክሪኑ 13፡20 አለኝ። መጀመሪያ የተለመደው የሀበሻና የፈረንጅ ሰዓት መምታታት መስሎን ሳቅን። ያ ቢሆን ግን ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ 8፡20 ማለት ነበረበት። የማሽኑ 5 ሰዓት ቀድሟል። ስናጣራ የቤጂንግ ሰዓት ሆኖ አረፈው! የድሮው ሶፍትዌር እኛው ኮምፒውተር ላይ ነበር። አዲሱ ሌላ ቦታ ካለ ሰርቨር ጋር የተያያዘ ነው፤ የማሽኑን ሰዓት በየቀኑ ከሰርቨሩ ጋር ያስተካክላል። የአዲስ አበባን ሰዓት ሙላ ያለው ሰው ግን የለም። በእጅ ብናስተካክለው በማግስቱ ተመልሶ ቤጂንግ ይገባል። ስንደውል «ሰኞ እንመጣለን» አሉን፤ የመጡት መስከረም 20 ነው።

የጠዋቱ ማርፈድ ለማንም ስለሚታይ ቀላል ነው። ጉዱ ያለው ማታ ላይ ነው። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አምሽቶ የወጣ ሰው፣ ማሽኑ ላይ በማግስቱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የወጣ ሆኖ ይመዘገባል። ቀኑ ስለተቀየረ ሲስተሙ «መውጫ አልፈረመም» ብሎ ግማሽ ቀን ይቆርጥበታል። በአጋጣሚ ከተቀበለው ደግሞ ሒሳቡ ይዛባል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ኦቨርታይም በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75 ነው የሚባዛው። ከ11 እስከ 2 ሰዓት የሠራው ሁሉ በሌሊት ሒሳብ ወጣ። መስቀል ዕለት ተረኛ የነበሩት ደግሞ በ2.5 መታሰብ ሲገባው የበዓላቱ ሰንጠረዥ ስለጠፋ እንደ ተራ ቀን ተቆጠረባቸው።

ከሁሉም የከፋው የጥበቃዎቹ ነው። ማታ 12 ገብተው ጠዋት 12 ይወጣሉ። የድሮው ሶፍትዌር ላይ የሌሊት ፈረቃ ተብሎ ስለተሞላ መግቢያና መውጫውን ያገናኝ ነበር። አዲሱ እኩለ ሌሊት ላይ ይቆርጠዋል። አንዱ ጋሼ 6 ሌሊት አድረው ዜሮ ሰዓት ወጣላቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ያደርኩበትን ሌሊት ማን ወሰደው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

መስከረም 20 ሰውየው ሲመጣ የያዘው መፍትሔ ሳይሆን ዋጋ ነው። ለካ «ነፃ» ያሉት ለ30 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በዓመት 38 ሺህ ብር። ወደ ድሮው መልሱልን ስንል «ላይሰንሱ ተዘግቷል»። የድሮ መረጃችንን ስንጠይቅ «ጠፍቷል፣ ለማስመለስ 15 ሺህ ብር»።

ይሄኛው ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ሶፍትዌሩ ቢበላሽም ማን በስንት ሰዓት ጣቱን እንዳሳረፈ ማሽኑ ራሱ ውስጥ ይቀመጣል። ጎረቤት ቢሮ ያለ የአይቲ ልጅ ፍላሽ ሰክቶ ከማሽኑ ሜኑ ላይ ወደ ኋላ እስከ ጥር ድረስ ያለውን አወጣልን። ከመስከረም 8 ወዲህ ያለውን ኤክሴል ላይ 5 ሰዓት እየቀነስን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጠን አስተካከልነው። ዋናው ነገር፣ ሳትገለብጡ «ሜሞሪውን እናጽዳው» ሲሏችሁ እንዳትፈቅዱ።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ያድነናል ብዬ 813/2006ን አነበብኩ። ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ግለሰብ ነው፤ ድርጅት አይመለከትም። ስለዚህ የቀረን ውሉ ነው፤ ውሉ ላይ ደግሞ «አዲሱን አገልግሎት በሙሉ ፈቃዴ ተቀብያለሁ» ይላል፣ ከሥሩ የኔ ፊርማ።

እምቢ ማለት ካልቻላችሁ ከነፃው ጊዜ በኋላ ስንት እንደሚያስከፍሉና ወደ ድሮው መመለስ ይቻል እንደሆነ በጽሑፍ አስቀምጡ። ወር መሀል አታስጭኑ፤ ፔሮል ተዘግቶ ደመወዝ በወጣ ማግስት ይሁን። ከመጫኑ በፊት መዝገቡን በፍላሽ ቅዱ። ሲጨርስም ልጁን ሳትለቁት ስልካችሁን ከስክሪኑ ጎን ይዛችሁ ሰዓቱን አስተያዩ፣ አንድ የሌሊት ፈረቃና አንድ የበዓል ቀን ሲስተሙ ላይ አስሞክሩት። ሠራተኛ የሆናችሁ ደግሞ የጎደለ ኦቨርታይም ካለ አታቆዩት፤ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

እኛ ለጊዜው ወደ ፊርማ መዝገብ ተመልሰናል። እስክሪብቶው እንዳይጠፋ በክር አስረነዋል። ማሽኑ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ ጋሼም ማታ መዝገቡ ላይ ከፈረሙ በኋላ ከልማድ ጣታቸውን ያሳርፉበታል። «ታንክ ዩ» ትላለች። «ዝም በይ!» ይሏታል።