ደብረ ብርሃን ያሠራሁት ኩርዓተ ርእሱ፦ ስለ ሥዕሉም ስለ ሱቁም

ቤታችሁ የምትሰቅሉት የጌታ ሥዕል የምትፈልጉ ካላችሁ ይህን አንብቡ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ በእጅ የሚሥል አንድ ሰዓሊ ሱቅ አለው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያየው። ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄዱ ምእመናንም ሲያልፉ ጎራ ይላሉ። እኔ ያሠራሁት ኩርዓተ ርእሱን ነው፤ የእሾህ አክሊል ደፍቶ ራሱን በመቃ የተመታውን ጌታ።

ዋናው፣ የጥንቱ ኩርዓተ ርእሱ በአገራችን ትልቅ ታሪክ አለው። ነገሥታቱ ሲዘምቱ ይዘውት ይወጡ ነበር፣ ይማማሉበትም ነበር። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ወሰደው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። መልኩ ግን በሰዓሊዎቻችን እጅ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ወደ ዓይኑ። ገበያ ላይ የሚሸጡትን የታተሙ የስቅለት ፖስተሮች ታውቋቸዋላችሁ። ደሙ ብዙ ነው፣ ፊቱ በስቃይ የተጨማደደ ነው፣ ስናየው አንጀታችን ይላወሳል፣ «ወይኔ ጌታዬን» እንላለን። ማዘናችን ጥሩ ነው። ግን እሱ ራሱ ሊሰቀል ሲወሰድ ለሚያለቅሱለት ሴቶች «ለእኔስ አታልቅሱልኝ፤ ዳሩ ግን ለራሳችሁና ለልጆቻችሁ አልቅሱ» ነበር ያላቸው። በዚያ ሁሉ ሕመም መካከል የሚያሳስበው የእነሱ ነገር ነው! ይህ ሰዓሊ ያገኘው ይህንኑ ይመስለኛል። ደሙ ቀጭን ነው፣ ግንባሩ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ። ዓይኖቹ ዝቅ ብለዋል። ቁጣ የለባቸውም፣ ወቀሳም የለባቸውም፣ ሐዘን ግን ሞልቶባቸዋል፤ እና ትንሽ ቆም ብላችሁ ስታዩት ያ ሐዘን ስለ እናንተ እንደሆነ ይገባችኋል።

ጴጥሮስን ያየበት ዓይን እንዲህ ይሆን? ሦስት ጊዜ ካደው፣ ዶሮ ጮኸ፣ ጌታም ዘወር ብሎ ተመለከተው። ወንጌላዊው ሉቃስ ቃል ተናገረው አይልም፤ ማየት ብቻ ነው። ጴጥሮስ ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ። ቢቆጣው ኖሮ ምናልባት ይከራከር ነበር፣ ሰው ሲቆጡት ምክንያት አያጣም። ያፈቀረህ ሰው አዝኖ ሲያይህ ግን ምን ትላለህ?

ሥዕሌን ልቀበል የሄድኩ ዕለት አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ከአጠገቤ ቆመው ያዩት ነበር።

«ልጄ፣ ምነው አቀረቀረ?» አሉት ሰዓሊውን።

«ለእኛ አዝኖ ነዋ እማማ።»

«አይ ጌታዬ፣ እኛ በድለን አንተ ታዝን?» አሉና አማተቡ። ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ማንም ዋጋ አልጠየቀም።

አምላክ ያዝናል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ኦሪት ዘፍጥረት ከጥፋት ውኃ በፊት እግዚአብሔር በልቡ አዘነ ይላል፣ አባቶችም ይህ ለእኛ እንዲገባን በሰው አነጋገር የተነገረ ነው ብለው ያስተምራሉ። ሥጋ ከለበሰ በኋላ ግን እንባው የእውነት እንባ ነው። ኢየሩሳሌምን አይቶ አለቀሰላት። ጌቴሴማኒ ላይ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» አለ። ለዚህ ነው ፊቱን በሥዕል ማየት የምወደው።

ወደ ሱቁ ልመለስ። የሚሠራው በሸራ ላይ ነው፣ ከፈለጋችሁ በእንጨትም ይሥላል። ዋጋው እንደ መጠኑ ይለያያል፤ ከታተመው በጣም ይወደዳል፣ ግን የእጅ ሥራ ነውና አይቆጭም። ግማሹን ቀብድ ይቀበላል። ቀይ መጋረጃም አብሮ ያሰፋል። ደስ ያለኝ ደግሞ፣ ሥዕሉን ሲያስረክብ «መጀመሪያ ካህን ጸሎት ያድርስበት» ብሎ አደራ ማለቱ ነው።

ጉድለትም አለው። ቫርኒሹ በጣም ያብለጨልጫል፤ አምፖል ፊት ለፊት ከሰቀላችሁት ብርሃኑ ፊቱን ይሸፍነዋል፣ ያ ዓይን ደግሞ ካልታየ ምኑን ሥዕል ሆነ። እኔ ከመስኮቱ ጎን ባለው ግድግዳ ሳዞረው ተስተካከለ። እናንተ ስታዙ ግን «ቫርኒሹ አይብራ» በሉት፣ እሺ ይላል። ፍሬሙም ቀለል ያለ ነው፣ ጥሩ አናጺ ካላችሁ ሸራውን ብቻ ውሰዱ። በተረፈ በቀጠሮው ቀን አላደረሰልኝም፣ ዘግይቷል፤ ሆኖም ቀድሞ ደውሎ ነገረኝ።

ለሰሙነ ሕማማት እንዲደርስላችሁ ካሰባችሁ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት እዘዙ፤ ጾሙ ከገባ በኋላ ሥራ ይበዛበታል።