ከአዳማ የመጣችው ጁኪ

ጁኪ የምትባል ያገለገለች የስፌት ማሽን በቴሌግራም ገዝቼ ሰባት ወር ሞላኝ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍ የቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ያገለገለ ዕቃ በአንድ ሳምንት አይታወቅም። ሻጩም አይታወቅም።

ሽሮ ሜዳ አጠገብ ትንሽ የስፌት ቤት አለችኝ። የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። እስከ ጥቅምት ድረስ የምሠራው ቢራቢሮ በምትባል በእግር የምትረገጥ ማሽን ነበር። ጠንካራ ናት፤ መብራት ሲጠፋም ሥራ አታስፈታም። በዓል ሲመጣ ግን አታደርሰኝም። ለዘንድሮው እንቁጣጣሽ የተቀበልኩትን ሁለት ቀሚስ ያስረከብኩት ለመስቀል ነው። አንዷ ደንበኛዬ ቀሚሷን ተቀብላ ምንም ሳትለኝ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ስለዚህ የፋብሪካ ማሽን ግድ ሆነብኝ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል። መርካቶ ሄጄ የአዲሱን ዋጋ ጠየቅሁና ተመለስኩ። ከዚያ ያገለገለ መፈለግ ጀመርኩ። ጂጂ የሚባለው የሽያጭ ድረ ገጽ ላይ አየሁ፤ ፌስቡክ ላይ አየሁ። በመጨረሻ ሦስት የቴሌግራም ቻናሎች ውስጥ ገባሁ።

መጀመሪያ ያነጋገርኩት ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ነኝ ያለ ነው። ፎቶው ያምራል። ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ይላል። «እህቴ፣ ሦስት ሰው እየጠበቀኝ ነው፤ ቀብድ ካስገባሽ ላንቺ አስቀምጣለሁ» አለኝ። ማሽኗ ስትሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ለምኜው «አሁን መብራት የለም» አለ። ሦስት ሺህ ብር በቴሌብር ላክሁለት። በማግስቱ ስልኩ አይሠራም፤ ቴሌግራሙንም ዘግቶብኛል። ያንኑ ፎቶ በኋላ ሌላ ቻናል ላይ፣ በሌላ ሰው ስም አገኘሁት። ሦስት ሺህ ብር ለኔ የስንት ሌሊት ሥራ ነው። «እህቴ» ሲለኝ አምኜው ስለነበር ደግሞ ቃሉ ራሱ አስጠላኝ። ለብዙ ቀን ማንም ሰው እህቴ ብሎ ሲጽፍልኝ አልመልስም ነበር።

እናቴ ዕቃ የምትገዛው ምናለሽ ተራ ነው። እዚያም የሚያታልል አለ። ግን ሰውየው ነገም እዚያችው ቦታ ይቀመጣል። ጎረቤቱ ያውቀዋል። ድስቱ ቢያፈስስ ይዘሽው ትመለሺያለሽ፤ ትጨቃጨቂያለሽ፤ ወይ ይለውጥልሻል ወይ አገር ይሰማል። ስልክ ላይ ይህ የለም። ሰውን የሚያሳፍረው ጎረቤት የለም። እዚህ ያለው የሰውየው ቃል ብቻ ነው። ለዚህ ነው አነጋገሩን፣ አጻጻፉን፣ የሚመልስበትን ሰዓት ሳይቀር መመርመር የጀመርኩት።

የአዳማዋን ሴት ያገኘሁት በጥቅምት ነው። ማስታወቂያቸው ከሌላው ይለያል። ከዋጋው በፊት ጉድለቱን ጽፈዋል። «ጠረጴዛው አንድ ጥግ ላይ ውኃ ገብቶበት አብጧል። ወደ ኋላ የሚያሰፋው መጫኛ ስፕሪንጉ ደክሟል፤ በእጅ መመለስ ይፈልጋል። ሞተሩ የድሮው ዓይነት ነው፤ ይጮኻል፤ ቆጣሪ ይበላል።» ሦስቱንም በየፎቶው አሳይተዋል። እኔ ጉድለት ፈልጌ ነበር የገባሁት። እሳቸው ቀድመውኝ ጽፈውታል።

ደወልኩ። «እትዬ፣ ለምን ይሸጣሉ?» አልኳቸው። ሱቅ ዘግተው ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ መሆኑን ነገሩኝ። ቪዲዮ ጠየቅኳቸው። የዚያኑ ቀን ማታ ላኩልኝ። በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ የኔን ስምና የቀኑን ቀን በወረቀት ጽፈው ማሽኑ ላይ አስቀምጠዋል። እኔ ይህን አልጠየቅኩም። «የተሰረቀ ፎቶ ስለበዛ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። የጁኪ ስም ተለጥፎባቸው የሚሸጡ አስመስለው የተሠሩ ማሽኖች ስላሉ ቁጥሯ ያለበትን ሰሌዳና የገዙበትን የድሮ ደረሰኝም አነሱልኝ።

ቀብድ ልላክ ስላቸው ግን እምቢ አሉ። «መጥተሽ ሳታይ ብር አልቀበልም። እስከ ቅዳሜ ለሌላ ሰው አልሸጥም። ካልመጣሽ ግን ዓርብ ማታ ንገሪኝ።» እኔም አስቤ የነበረው ሳልነግራቸው ሌላም ማየት ነበር። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሌላውን ሁሉ ተውኩት። እሳቸው ዕቃውን ለኔ ብለው ይዘው ገዢ እየመለሱ፣ እኔ በጎን ሌላ መፈለግ ትክክል አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍሬ ሄድኩ። ወንድሜን ይዤ ነው። ብቻዬን የማላውቀው ሰው ቤት አልሄድም፤ ሌላ ሴትም እንድትሄድ አልመክርም። ማሽኗን ለመፈተን የራሴን ጨርቅ ይዣለሁ፦ ቀጭን መነን፣ ፈተልና የጥበብ ቁራጭ። ሻጭ የሚያቀርበው ጨርቅ ሁልጊዜ ለማሽኑ የተመቸ ነው። ቀስ ብዬ ሰፋሁ፤ ፈጥኜ ሰፋሁ። የስፌቱን ላይም ታችም አየሁ። ከላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ዘይቱ ሲፈናጠቅ ይታያል። ማሽኗ እየሄደች ይህች መስታወት ደርቃ ካገኛችኋት ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ተነሱ፤ ያለ ዘይት የሮጠ ማሽን ውስጡ ይበላል።

ዋጋው 28,500 ብር ተብሎ ነበር። በስልክ ተከራክሬ 27,000 ላይ ተስማምተናል። አዳማ ከደረስኩ በኋላ አንድም ብር ቀንሱልኝ አላልኩም። በሥራዬ ይህን አውቀዋለሁ። ዋጋ ተስማምታ፣ ቀሚሱ አልቆ፣ በር ላይ ቆማ «አምስት መቶ ቀንሺ» የምትል ደንበኛ ታሳዝነኛለች። ያልተነገረ ጉድለት ከተገኘ መነጋገር ተገቢ ነው። ሁሉም እንደተባለው ከሆነ ግን የተባለው ይከፈላል።

ብሩን እዚያው ተቀምጠን በባንክ አስተላለፍኩ። ሴትዮዋ የኔን ስልክ አላዩም። የራሳቸውን ሒሳብ ከፍተው ብሩ መግባቱን አረጋገጡ። ቅር አላለኝም፤ ትክክል ነበሩ። ከዚያ ቡና ጠጣን። ወንድሜና የሠፈሩ ልጆች የማሽኗን ጭንቅላት፣ ጠረጴዛዋንና ሞተሯን ለየብቻ ፈትተው ጫኑልኝ። ጭንቅላቷን በብርድ ልብስ የጠቀለሉልኝ ሴትዮዋ ናቸው። ብርድ ልብሱን ልመልስ ብል «በዚያው ይሁን» አሉኝ።

አሁን ስለ ማሽኗ ልናገር። ጁኪ ዲዲኤል 8700 ናት፤ ባለ አንድ መርፌ፣ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የምትሰፋ። በፋብሪካ መግለጫዋ በደቂቃ እስከ 5,500 ስፌት ትሄዳለች። እኔ ግማሹንም አልነዳትም። መነን ላይ በ11 ቁጥር መርፌ የምታወጣው ስፌት ልክ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ቢራቢሮዋ ላይ አንድ ቀን ሙሉ የሚፈጅብኝ የቀሚስ ታች አሁን ከምሳ በፊት ያልቃል። ለፋሲካ የተቀበልኩትን ሁሉ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ አስረክቤ ጨረስኩ። ሐሙስንና ዓርብን ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። ስንት ዓመቴ ነው እንዲህ ካደረግኩ!

የማትችለው ነገር አለ። የተሠራችው ለቀላልና ለመካከለኛ ጨርቅ ነው። ወፍራም ጥበብ ሁለት ጊዜ የታጠፈበት ቦታ ላይ ስፌት ትዘላለች። እዚያ ስደርስ 14 ቁጥር መርፌ አስገብቼ፣ እግሬን ከፔዳሉ አንስቼ፣ መዘውሩን በእጄ እያዞርኩ አልፋለሁ። ይህ የሴትዮዋ ጥፋት አይደለም፤ ማሽኗ ለዚህ አልተሠራችም። ስፕሪንጉን በትንሽ ብር አስቀየርኩት። ሞተሩ ግን እውነትም እንዳሉት ነው። ባልሰፋበትም ጊዜ ይዞራል፤ ቀኑን ሙሉ ጆሮ ይበላል። በሦስተኛው ወር ሰርቮ ሞተር ገዝቼ ቀየርኩት። ይህኛው የሚዞረው ስረግጠው ብቻ ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። ከደንበኛ ጋር ሳልጮኽ ማውራት ቻልኩ።

አሮጌውን ሞተር ልሸጥ ስል እኔም በተራዬ ሻጭ ሆንኩ። ፎቶ ለጠፍኩ፤ ዋጋ ጻፍኩ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን አልወድም፤ ሰው አይቶ እንዲተወው ወይም እንዲደውል ዋጋ በግልጽ መጻፍ አለበት። ያም ሆኖ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ «መጨረሻው?» የሚል አንዲት ቃል ይመጣል። ሰላምታ የለ፣ ስም የለ። አንዱ «በአንድ ሰዓት እደርሳለሁ» ብሎኝ ሌላ ገዢ መለስኩ፤ እሱም ቀረ፤ ስደውል አያነሳም። ሌላው የባንክ ስክሪንሾት ላከልኝና «ዕቃውን ለራይድ ሹፌሩ ስጪው» አለኝ። ሒሳቤን ከፍቼ ሳይ የገባ ነገር የለም። «ኔትወርክ ነው» አለኝ። «ይግባና እሰጠዋለሁ» አልኩት። አልገባም። አዳማ ሴትዮዋ የራሳቸውን ሒሳብ ሲያዩ ባላይ ኖሮ ሞተሩ ሄዶ ነበር።

አንዲት ጠበቃ ደንበኛዬ እንደነገረችኝ፣ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ዋስ ነው ይላል። ገዢም ዕቃው እንደደረሰው ፈትሾ ያገኘውን ጉድለት ቶሎ ማሳወቅ አለበት። እኔ ሁለተኛውን በደንብ ይዤዋለሁ። ወር ተጠቅሞ መጥቶ «አልሠራልኝም» ማለት ሻጭንም ይጎዳል።

ሞተሩን በመጨረሻ የወሰደው ከሰበታ የመጣ ወጣት ሰፊ ነው። ሲደውል ገና ስለ ዋጋ ሳናወራ «ይጮኻል፤ ቆጣሪ ይበላል» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «እህቴ፣ ሌላስ ምን አለበት?» አለኝ። ሌላ የለበትም አልኩት። መጥቶ አስነስቶ አየው። የተስማማነውን ከፍሎ ወሰደ። ማስታወቂያው ላይ ወዲያው «ተሽጧል» ብዬ ጻፍኩ።

የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ስልኬን ስከፍት የአዳማዋ ሴት መልእክት ጠበቀኝ። «እንኳን አደረሰሽ ልጄ። ስድስት ወር አልፏታል፤ ዘይቷን ቀየርሽላት?» ቀይሬላት ነበር። ጠዋት ሱቅ ከፈትኩና የመስታወቷን ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው።